የዛያኑ ተራ

የዚያን ዕለት ጠዋት እንደ ሌላው ጠዋት ነበር። ጎህ ሲቀድ ሰገድኩ፤ ግቢውን ጠረግሁ፤ ከጉድጓዱ ውኃ ቀዳሁ። የባሌ እህት ጁማይ በጭሱ ዓይኗ እያነባ ኮሳይ፣ የአደንጓሬ ጥብስ፣ ጠበሰች። ለአማቴ ለሀጂያ አጥሚቷን ወሰድኩላት፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ መለሰችው። የተረፈውን እኔ ጠጣሁት። ባሌ በካዱና መንገድ አውቶቡስ ተገልብጦበት ከሞተ ወዲህ ከግቢ አልወጣም። የሐዘኑ ወራት እስኪያልቅ ሂናም ሽቶም አይነካኝም። ይህ አልከበደኝም። የምሄድበትም አልነበረኝ።

ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን ታላቱ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ድምፅዋ ቀድሟት በር ይገባል። ሁለት የሠፈር ሴቶች አስከትላለች። ለወጉ ያህል አጽናናችኝና ከሽርጧ እጥፋት አንድ ቀጭን መጽሐፍ አወጣች።

“ወጣ!” አለች። “የመጨረሻው ክፍል። ትናንት ነው እዚህ ዛሪያ የገባው። ገበያው ውስጥ ከአንዲት የሙሽራ እናት ጋር ተጋፍቼ ነው የነጠቅሁት።”

ሠፈራችን ይህን ታሪክ አራት ዓመት ተከታትሏል። የጂኒዎቹ ንጉሥ ልጅ ሩማና እና ዛያኑ የሚባል የሰው ልጅ፣ ፈረሰኛ፣ ይዋደዳሉ። እርሷ እሳት ታዛለች፤ እርሱ ግን ምንም ኃይል የለውም፤ መንገድ ያውቃል፣ አይሸሽም፣ በቃ። ሴቶቹ ማን ማንን እንዳዳነ እንደ ኳስ ጨዋታ ይቆጥራሉ።

“ሦስት ለሦስት ናቸው” አለች ታላቱ ምንጣፉ ላይ እየተቀመጠች። “ከጉድጓድ አወጣችው፤ እርሱም ከእንስራው ውስጥ አወጣት…”

“እንስራው አይቆጠርም” አለች ጁማይ ከምድጃው። “ክዳኑ ክፍት ነበር።”

“አንቺ ብቻ ባል አግቢ! ክፍት እንስራ ውስጥ ተቀምጠሽ ስትጮኺ እንሰማሻለን።”

ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ መሰለኝ።

“ጸሐፊዋ አራት ለሦስት አድርጋ ከጨረሰችው ካዱና ድረስ ሄጄ ደጇ ላይ ነው የምቀመጠው” አለች ታላቱ።

“አራቱ ለማን ሆኖ?”

“ለማንም! አንዱ ከበለጠ እኮ እንደኛ ቤት ሆነ ማለት ነው። የኛን ቤት ለማየት መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል?”

ከዚያ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። “አንብቢልን፣ ማይጂዳ። ዩኒቨርሲቲ የገባሽው አንቺ ነሽ። ጁማይ ስታነብ ፈረሱ ደጃፍ ሳይደርስ ይመሻል።”

መጽሐፉን አልከፈትሁትም።

በኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። እናትም የበኩር ልጇን ስም አትጠራም። ነውር ነው፤ ምላስም አይታዘዝም። ባሌን “ማላም”፣ መምህር እንደ ማለት፣ ነበር የምለው፤ ሀጂያ ደግሞ “ያ ልጅ” ትለው ነበር። ስሙ ዛያኑ ነው።

የመጀመሪያውን ክፍል የገዛው እርሱ ነው። የከብት ሐኪም ነበር፤ የፍቅር መጽሐፍ አያነብም። አንድ ቀን ከገበያ እየሳቀ ገባና “ስሜን ሰርቀው ለፈረሰኛ ሰጡት” አለ። ከዚያም “አንቺ ሩማናን አንብቢ፤ እኔ ራሴን አነባለሁ” አለኝ። ሩማና ደግሞ መጽሐፉ ላይ ፈረሰኛውን በስሙ ነው የምትጠራው፤ እርሱም በስሟ። መጀመሪያ ቀን መጽሐፉን አፌ ላይ ከድኜ ነበር ያነበብሁት።

“ዛያኑ” አልኩ፤ ለራሴ እንኳ ሳይሰማ።

“አቤት!” አለ ቀና ብሎ። መጽሐፉ ላይ አቤት የሚል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንዲሁ ሆነ። ስሙን አነባለሁ፤ አቤት ይላል፤ ከዚያ ተራውን ያነባል። በር ዘግተን ነበር። ማንም አላወቀም።

ታላቱ ፊቴን አይታ ዘግይቶ ገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። “ውይ፣ እኔ ቀልበ ቢስ! ስሙ ለካ… ዝለዪው ስሙን፣ እህቴ። ‘ጌታው’ እያልሽ አንብቢ።”

“ሩማና ‘ጌታው’ ብትል ኖሮ” አለች አንደኛዋ ሴት ሳታስበው፣ “ይህን ሁሉ ዓመት ማን ይከተላት ነበር?”

ጁማይ ኮሳዩን ማገላበጥ ትታ ቆመች። ላነብ አልፈለግሁም። ያ ስም በኔ አፍ የወጣው ለአንድ ሰው ጆሮ ብቻ ነበር፤ እዚህ ምንጣፍ ላይ ካወጣሁት ያ የብቻዬ ነገር ያበቃል። መጽሐፉን ልመልስላት እጄን ዘረጋሁ።

“ታንብብ” የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። ሀጂያ ናት። ልጇ ከሞተ ጀምሮ ከሴቶቹ ጋር አልተቀመጠችም።

እጄን መለስሁ። ከፈትሁና አነበብሁ።

ጂኒዎቹ ዛያኑን በእንቅልፍ አስረው የወንዙ ወለል ላይ አስተኝተውታል። እሳት ውኃ ውስጥ አይገባም፤ የሩማና ኃይል ሁሉ ከንቱ ሆነ። የቀራት ዳር ቆሞ በስሙ መጥራት ብቻ ነው። ሴቶቹ ወደ ፊት ተሳቡ። ታላቱ የጁማይን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች።

“ዛያኑ!” ብዬ አነበብሁ።

ከዚያ ቆምሁ። ቀጥሎ የእርሱ ተራ ነው። ለአራት ዓመት እዚህ ላይ አፌን ዘግቼ ጠብቄአለሁ። ሴቶቹ ያለቀስሁ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። አላለቀስሁም። እየጠበቅሁ ነበር።

“አልሰማ ይሆናል” አለች ሀጂያ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ቀስ ብላ። “ድገሚና ጥሪው።”

“ዛያኑ!” አልኩ፤ ግቢው በሞላ እስኪሰማ።

ጁማይ ጀርባዋን ሰጠችን።

የእርሱንም ቃል እኔው አነበብሁት። “መጣሁ፣ ሩማና” ይላል። ከወንዙም ወጣ። ከገጾች በኋላ ደግሞ እርሱ የአባቷን ሰይፍ በትከሻው ተቀብሎ አዳናት። አራት ለአራት። ታላቱ እልል ልትል አፏን ከፍታ የት እንዳለች ትዝ አላትና ዘጋችው። ሲወጡ እጄን ይዛ ብዙ ቆየች። መጽሐፉንም ትታልኝ ሄደች።

ሀጂያ መጋረጃውን ገለጠች። “የቱ ጋ ነው?” አለችኝ። የላቲኑን ፊደል አታነብም። ገጹን ፈልጌ ስሙን አሳየኋት። ጣቷን አሳረፈችበት።

“ይህ ነው?”

“እርሱ ነው፣ ሀጂያ።”

“ትንሽ ናት” አለች።

አሁን ማታ ማታ አነብላታለሁ፤ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረናል። ስሙ ላይ ስደርስ ድምፄን አልቀንስም፤ እርሷም ፊቷን አታዞርም። ስሙ ቤታችን ውስጥ በግልጽ ይጠራል። አቤት የሚል የለም።