ፈገግ ያለው ቲኪ

ሂናቲኒ ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስትመለስ፣ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለች የግራይንደር ጩኸት ሰማች። እሷ እንዲህ ያለ የእንጨት መፋቂያ ማሽን የላትም። ከጎረቤት ይሆናል ብላ ራሷን ልታሞኝ ሞከረች፤ ግን ኤክስቴንሽን ገመዱ ከሳሎኗ መስኮት ወጥቶ፣ በአበቦቿ ላይ ተጎትቶ፣ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ወዳለው ዳሷ ሲገባ አየችው። የያዘችውን የሩዝ ፌስታል አጥር ላይ አንጠልጥላ ሮጠች።

«አጥፋው! ሴቬሪን! አጥፋው ብዬሃለሁ!»

ታናሽ ወንድሟ አልሰማትም። የመዋኛ መነጽር አጥልቆ፣ እስከ ቅንድቡ በሰጋቱራ ተለውሶ፣ እሷ በምትቀርጸው የእንጨት ምስል፣ በቲኪው ፊት ላይ አጎንብሷል። ገመዱን በሁለት እጇ ስባ ነቀለችው።

«እንዴ፣ መብራት ጠፋ?» አለ ቀና ብሎ።

ሂናቲኒ ቲኪውን እያየች ነበር።

ቁመቱ እስከ ደረቷ ይደርሳል። ማዕበል ከባሕሩ ዳር ከጣለው የቶኡ ዛፍ ግንድ ነው የጠረበችው፤ እንጨቱ ጥቁር ቡናማ ሆኖ በመሐሉ እንደ ጅማት የወርቅ መስመር ይሄድበታል። በዚህ የደሴቷ ሸለቆ በቅርጽ ሥራ የሚኖሩ፣ ሥራቸው በመርከብ የሚጫንላቸው ሰዎች ሞልተዋል። እሷ ከነሱ አይደለችም። ቀኑን ሙሉ ሲንጫጩ የሚውሉ ልጆችን አብልታ ስትመለስ፣ መሮዋን ይዛ ዝም የምትልበት ቦታ ይህ ዳስ ብቻ ነው። መሮ አያያዝ ያስተማራት አባቷ ባለፈው ክረምት ሞተ። ቲኪውን የጀመረችው ከቀብሩ በኋላ ነበር፤ አባቷ እንደ ጥንቶቹ አባቶች በቤቱ ደጅ እንዲቆም ብላ። ፊቱንም እንደ ጥንቶቹ አድርጋ ነበር የቀረጸችው፤ አፉ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ኮስታራ።

አሁን የአፉ ጫፎች ወደ ላይ ተነስተዋል።

«ምን አድርገህ ነው?»

«ልርዳሽ ብዬ ነዋ፣ እትዬ። ዓመት ሙሉ ፈቀፈቅሽው። ዛሬ እንኳ ልገላግልሽ አልኩ።»

«ምጥ ላይ ነበርኩ እንዴ የምትገላግለኝ?»

«በጣም ተኮሳትሮ ነበር። ቱሪስት ደግሞ ኮስታራ አይወድም። ትንሽ ፈገግ ቢል...» ድምፁ አነሰ። «ወደብ ላይ እንዲቆም ለማዘጋጃ ቤቱ ቃል ገብቻለሁ። ሹፌራቸው ፌሊሲያን በፒክአፕ ሊወስደው እየመጣ ነው። ደስ ይልሻል ብዬ እኮ ነው!»

ሂናቲኒ እጇን ቲኪው አፍ ላይ አሳረፈች። ሻካራ ነው፤ ዲስኩ ያቃጠለው ቦታ አሁንም ይሞቃል። በአውራ ጣቷ ለካችው። አፉን ለማስተካከል መላውን ፊት አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ መጥረብ አለባት። ያኔ አፍንጫው ይሄዳል። አፍንጫው ከሄደ ግንባሩ ይሄዳል። ከዚያ የሚቀረው ሌላ ሰው ነው።

«ይሄ ጭቃ አይደለም፣ ሴቬሪን! እንጨት ነው! አንዴ ያነሳኸውን መልሰህ አትለጥፈውም! ይሄን አባባ ስንት ጊዜ ነገረህ?»

«መርሳት ያለ ነው...»

«ዝም በል! አንዴ፣ ለአንዴ እንኳ ዝም በል!»

ፒክአፑ የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ፌሊሲያን ከእነ ሲጋራው ወርዶ ወደ ዳሱ ገባና ሁለት እጁን አጨበጨበ።

«ውይ፣ ደግሞ ፈገግ ብሏል! እንግዳ መቀበል እንዲህ ነው እንጂ! በየት በኩል ልያዘው?»

«በየትም በኩል አትይዘውም» አለችው ሂናቲኒ።

«እንዴ እትዬ፣ ከንቲባው እኮ አውቆታል።»

«ከንቲባው እኔን አያውቀኝም? የሠራሁት እኔ። ያለሁት እዚሁ ቤቴ። ጠያቂ ጠፍቶ ነው?»

ፌሊሲያን ወደ ሴቬሪን ዞረ፤ ሴቬሪን የመዋኛ መነጽሩን መወልወል ጀመረ።

ጭቅጭቁ ቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፣ እናታቸው እማማ ኦርታንስ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ በጓሮ በር ብቅ አሉ። ቲኪው ከተጀመረ ጀምሮ የሚወጡት በጓሮ ነው። «የጥንቶቹን ተዉአቸው፣ ይተኙበት» ብለው አንድ ቀን እንኳ ዳሱን ሳይረግጡ፣ ለቅዳሴ ሲሄዱም በሙዝ ተክሉ ዞረው ሲሄዱ ከርመዋል።

«ምንድነው ይሄ? ጎረቤት ምን ይላል? ትልልቅ ሰዎች ሆናችሁ አሁንም...» ዓይናቸው ሳያስቡት ቲኪው ላይ አረፈ።

አሮጊቷ ቀስ ብለው ዳሱ ውስጥ ገቡ፤ ጭንቅላታቸውን አዘነበሉ። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው መሳቅ ጀመሩ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ይሄ ሰውዬ! ይሄ ውሸታም ሰውዬ!»

«ማን፣ እማዬ?» አለች ሂናቲኒ።

«አባትሽ ነዋ! ሌላ ማን አለ? ባዶ እጁን ከባሕር ሲመለስ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ልክ እንዲህ! 'ዓሣውን ለመበለቶች ሰጠሁት' ይለኝ ነበር። የትኛዋ መበለት ናት በለው! ዓሣውን ቁማር በልቶት መጥቶ!»

ሂናቲኒ እንደገና ተመለከተችው። የአፉ ግራ ጫፍ ከቀኙ ከፍ ብሏል። አባቷ አንድ ነገር ሲደብቅ በግራ ጉንጩ ብቻ ነበር ፈገግ የሚለው።

«እንግዲህ እኔም ይሄንኑ አስቤ...» አለ ሴቬሪን።

«እጅህ አዳልጦህ ነው» አለችው ሂናቲኒ።

«አዎ፣ አዳልጦኝ ነው።»

እማማ ኦርታንስ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡና ዓይናቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉ። «ደጅ ግን አይቆምም። ወደ ወጥ ቤቴ ይዛወር። እዚያ ሆኖ ይዋሸኝ።» ደግሞ አገጫቸውን ወደ ቲኪው ቀሰሩ። «ዓይኑ ግን የሱ አይደለም። ሲዋሽ ዓይኑ ይጠብ ነበር።»

ፌሊሲያን ቲኪውን እንደማይጭን ገባው። ከዛፉ ሥር የወደቁትን ሁለት የዳቦ ፍሬዎች አንስቶ፣ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ።

ሂናቲኒ ዓይኖቹን አየቻቸው። ትልልቅ፣ ክብ፣ ጠርዛቸው እንደ ክር የቀጠነ። ከጠቅላላ ሥራው የምትኮራባቸው እነሱ ብቻ ናቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልሳቸው ጣቷ ስንት ጊዜ ተልጧል። ወንድሟን በግልምጫ አነሳችው።

«አልታረቅኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ና፣ ከኋላ ደግፈው። እንዳይነቃነቅ።»

ትንሿን መሮ መርጣ በግራው ዓይን ክብ ታችኛ ጠርዝ ላይ አሳረፈችና በእንጨት መዶሻው መታችው።