ለሁለት ሳምንት ብቻ

እሁድ ዕለት ነፋሱ ጣራችንን ወሰደው። ሙሉውን አይደለም። በመንገዱ በኩል ያለውን፣ የኣሰገደት አልጋ ያለበትን ጎን ነው።

ሌላ ሰው ያንን ማዕበል ማውራት ከጀመረ አያቆምም። ዛፍ ወደቀ፣ መኪና ተጨፈለቀ፣ ባቡር ቆመ። እኔ ጊዜ የለኝም። ይህንንም የምጽፈው ሥራ ቦታ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ነው፤ እረፍታችን አጭር ናት። ጣራው ሄደ፣ ዝናቡ ገባ፣ በቃ።

የምንኖረው ሮተርዳም፣ ክሮስዋይክ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልክ ከጣራው ሥር። ኣሰገደትና እኔ። እሷ የአሥመራ ልጅ ናት። አማርኛውን አዲስ አበባ ስትማር ነው የያዘችው፤ አሁን ከእኔ ትበልጣለች፣ በተለይ ስትሳደብ። ሁለታችንም ሆስፒታል እናጸዳለን፣ እሷ ጠዋት፣ እኔ ማታ። አብረን ቤት ስንይዝ ያልሳቀ ሰው አልነበረም። ወገኖቻችሁ እዚያ እየተዋጉ እናንተ እዚህ አንድ ኩሽና ልትካፈሉ? አሉን። ተካፈልን። የምንጣላው በመስኮት ብቻ ነው። እሷ ትከፍታለች፣ እኔ እዘጋለሁ።

እሁድ ዕለት ኣሰገደት ከቀዳዳው ሥር ሆና ሰማዩን አየች፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ የተከመረውን ስብርባሪ አየች።

"በይ ብዙወርቅ፣" አለችኝ፣ "እስቲ ይሄንን ዝጊ።"

ሰኞ ጠዋት አከራያችን መጣ። ሜኔር ክሮል ይባላል፣ አቶ ክሮል እንደማለት። ሙቅ ውሃ ሲቋረጥ ስንት ጊዜ ተደውሎለት ያልመጣ ሰውዬ፣ ነፋሱ በቅጡ ሳይበርድ ደረሰ። ላይ ወጣ፣ ቀዳዳውን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

"እዚህ መኖር አይቻልም፣" አለ። "ለሁለት ሳምንት ብቻ ውጡ። እቃችሁንም ይዛችሁ ውጡ፣ ሠራተኞቹ እንዳያበላሹት። ሲያልቅ እጠራችኋለሁ።"

ደግ ሆነብኝ። ደግ ሲሆን ነው የደነገጥኩት።

እሱ እንደወረደ ከታች ያለችው ጎረቤታችን ወጣች። ሜቭራው ያንስ፣ ወይዘሮ ያንስ እንደማለት፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ በነጠላ ጫማ፣ ሲጋራዋን ይዛ።

"ውጡ አላችሁ አይደል?"

"ለሁለት ሳምንት።"

"ከማዶ የነበሩትን ቱርኮችም ለሁለት ሳምንት ነው ያላቸው። ቧንቧ ልሠራ ብሎ። በነጋታው በሩ ላይ ጣውላ መታበት። ይኸው ዓመት አለፈ፣ ቧንቧውም አልተሠራ፣ እነሱም አልተመለሱ። ባዶ ቤት ነው መሸጥ የሚፈልገው። ስሙኝ፣ ውስጥ እስካላችሁ ድረስ ሕግ አለላችሁ። ከወጣችሁ ሕጉም አብሯችሁ ይወጣል።"

ሄጄ በመስኮት አየሁ። ከማዶ ያለው በር እውነትም ጣውላ ተመትቶበታል። በየቀኑ በፊቱ አልፋለሁ፣ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

"አንወጣም፣" አልኳት ኣሰገደትን።

"ማን እወጣለሁ አለ?" አለች። ከሥራ ቀርታ ፍራሿን በበሩ እየጎተተች ነበር፣ ወደኔ ክፍል።

ከጀርባችን ያለው መንገድ እየፈረሰ ነው፤ ከተማው አሮጌውን ሰፈር አፍርሶ አዲስ ይሠራል። አፍራሾቹ የጣራ ሸክላውን፣ እዚህ ዳክፓን የሚሉትን፣ እያወረዱ ይጥሉታል። ኣሰገደት ሄዳ ጠየቀቻቸው። ሳቁባትና ውሰጂ አሏት። የሜቭራው ያንስን የገበያ ጋሪ ተዋስን። እሷ ከሥራ ስትመጣ፣ እኔ ሥራ ሳልገባ፣ ስንጎትት ሰነበትን። ደረጃው ጠባብ ነው፣ እንደ መሰላል የቆመ። ሸክላው ይከብዳል። ኣሰገደት በየፎቁ ቆማ በትግርኛ አንድ ነገር ትላለች፤ ምን እንደሆነ አልጠይቃትም።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ጣራችን ከውስጥ ጣውላ የለውም፣ አግዳሚ እንጨቶች ብቻ ናቸው። ዳክፓኑ ጀርባው ላይ ጥርስ አለው፣ በሱ እንጨቱ ላይ ይንጠለጠላል። ሚስማር የለ፣ ምን የለ። ነፋሱ እንደዚያ በቀላሉ የወሰደውም ለዚህ ነው። ከውስጥ ወንበር ላይ ትቆሚያለሽ፣ እጅሽን በእንጨቶቹ መሃል ታሾልኪያለሽ፣ ከላዩ ሌላ ሸክላ ካለ እሱን ትንሽ ቀና አድርገሽ አዲሱን ከሥሩ ታስገቢያለሽ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ከላይ ጀምረን ሁለት ሸክላ እግራችን አጠገብ ወድቀው ተሰበሩ። ያልደረስንበትን በሸራ ሸፈንነው። በማግስቱ ሲዘንብ ግማሹ ያፈሳል፣ ግማሹ አያፈስም። ደስ አለኝ በግማሹ።

ስልክ ግን አላስቀመጠንም። ወሬው አምስተርዳም ደርሷል፣ ዴን ሃግ ደርሷል። ጓደኛዬ ይመኙሻል ከአምስተርዳም አጠገብ፣ ከዲመን ደውላ አለቀሰች።

"እኔ እያለሁ ሜዳ ላይ? ልጆቹን ሳሎን አስተኛቸዋለሁ፣ ኑ!"

"ሜዳ ላይ አይደለንም፣ ይመኙሻል። ቤታችን ነን።"

"ጣራ የሌለው ቤት ቤት ነው?"

"በር አለው።"

ተቀይማ ዘጋችው። ሌሎቹም እንደዚያው። ኑ ብሎ የጠራን ሰው አልመጣም ማለት እኛ ዘንድ እንደ ስድብ ነው። ለፈረንጅ ሕግ ብዬ ስንቱን አስቀየምኩ። ይቀየሙ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ማንደፍሮና ጋሽ ዘርኣይ። ካፖርት፣ ክራቫት፣ ባርኔጣ። ጋሽ ማንደፍሮ ደሴ የታወቁ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን ዴን ሃግ ሆነው የሆላንድን ሐበሻ ባልና ሚስት ሁሉ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ዘርኣይ ከአምስተርዳም ናቸው፣ መርከበኛ ስለነበሩ ደች እንደ ውሃ ይናገራሉ። ሁለቱ አብረው ከመጡ ነገር አለ።

"ጨርሰናል፣" አሉ ጋሽ ማንደፍሮ፣ ገና ሳይቀመጡ።

"ምኑን፣ ጋሼ?"

"የናንተን ጉዳይ ነዋ። ከሰውዬው ቢሮ ነው የምንመጣው።"

ኣሰገደት ወደኔ አየች። እኔ የያዝኩትን ዳክፓን መሬት አስቀመጥኩ።

"ገባን፣" አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። "ተቀመጡ አለን። እሺ ሳትለን አንቀመጥም አልነው።"

"ቸኩለው ነው ብሎ፣" አሉ ጋሽ ዘርኣይ፣ "ሰዓቱን አየና መልሶ በሩን ከፈተልን።"

"ቆይ አንተ! ኋላ ገብቶታል።"

"ምን ገባው?" አልኩ።

"ልንለምነው እንደመጣን። እነዚህ ልጆቻችን ናቸው፣ አስቀይመውህ ከሆነ ስለኛ ስትል ይቅር በላቸው፣ ጣራቸውን ሥራላቸው፣ አልነው።"

"እኛ ምን አድርገነው ነው ይቅር የሚለን?"

"አነጋገር ነው እንጂ! እሺ አለ። ወዲያው ነው እሺ ያለው፣ እንደዚህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ወጣ ትላላችሁ፣ እሱ ይሠራል። ለእቃችሁ ነገ ጠዋት መኪና ይልካል። ተጨባበጥን። መረቅነው።"

"አሜን አለ?" አለች ኣሰገደት።

"ቢያውቅ ይል ነበር።"

ስለ ቱርኮቹ ነገርኳቸው። መስኮት ድረስ ወስጄ በሩን አሳየኋቸው። ጋሽ ዘርኣይ መስታወቱን ጠርገው ደግመው አዩት። ጋሽ ማንደፍሮ ግን፣

"እነሱ ሽማግሌ መች ላኩ? እኛ እኮ ቃል አለን።"

"የሰጣችሁት ቃል ነው ያላችሁ። እሱ የሰጠው የታለ?"

"እሺ ብሏል አልኩሽ! አንቺ ልጅ፣ የሽማግሌ ቃል ልታጥፊ ነው?"

"እኔ አልላክኋችሁም፣ ጋሼ።"

ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን አልኩት። ፊታቸው ቀላ። እኚህ ሰውዬ አገራቸው ቀርቷል፣ ሱቃቸው ቀርቷል፣ ቃላቸው ነው የቀራቸው። አውቃለሁ። እኔም ይህ ቤት ነው ያለኝ። ከስደተኛ ካምፕ ወጥቼ፣ ከሰው ሳሎን ሰው ሳሎን ዞሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ የያዝኩት በር ነው። ለማንም ቃል ብዬ አልሰጠውም።

"ጋሽ ማንደፍሮ፣" አለች ኣሰገደት በለሰለሰ ድምፅ። ስትለሰልስ እኔ እፈራታለሁ። "ዋሱ ማነው?"

"የማን ዋስ?"

"የሰውዬው። ባልና ሚስት ስታስታርቁ ዋስ ታስጠሩ የለ? ይቺን ከባሏ ስታስታርቋት እንኳ ዋስ አስጠርታችሁታል።"

"ዋስ ጠርቶም የሆነውን አይተነዋል፣" አልኩ። ባሌ አሁን ጀርመን ነው፣ ከሌላ ሴት ጋር።

"እንግዲህ ያለ ዋስ ደግሞ ምን እንደሚሆን አስቡት፣" አለች ኣሰገደት።

ጋሽ ዘርኣይ ሳቅ አመለጣቸው። "ማንደፍሮ፣ እውነቷን ነው። ዋስ ረሳን።"

"አልረሳሁም!" አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። "ፈረንጅ ነዋ! ፈረንጅን ዋስ ጥራ ይባላል?"

"እኛን ቢሆን ትሉን ነበር፣" አልኩ።

ጋሽ ማንደፍሮ ወደ በሩ ዞሩ። ባርኔጣቸውን አነሱ። ደረጃውን ሲወርዱ በየመታጠፊያው ቆም ሲሉ ይሰማኛል። እኔም ሥራ ረፍዶብኝ ነበር፣ ሮጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው መጣ። ትልቅ የዕቃ መኪና፣ ሁለት ጎረምሶች ባዶ ካርቶን ይዘው፣ ሜኔር ክሮል ከፊት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከነሱ ቀድመው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሊያግዙን መጥተው ይሁን ሊያስወጡን አላወቅሁም። ወረድኩና በሩ መሃል ቆምኩ። ያን ጠዋትም ከሥራ የቀረችው ኣሰገደት ከኋላዬ ደረጃው ላይ፣ ሜቭራው ያንስ ከነሲጋራዋ በራሷ በር ላይ።

"ዝግጁ ናችሁ?" አለ ክሮል።

"አንወጣም፣" አልኩት በደች። "ጣራውን እኛ ውስጥ እያለን ሥራ።"

"ተስማምተናል እኮ።" ባርኔጣ ወደደፉት ሽማግሌዎች ጠቆመ። "እነዚህ የተከበሩ ሰዎች ቢሮዬ መጥተው እጄን ጨብጠዋል።"

ሁሉም ጋሽ ማንደፍሮን አየ። ደች ባይሰሙም ጣቱን አይተዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዘርኣይ፣ ዋስ ይጥራ በለው።"

ጋሽ ዘርኣይ ተረጎሙ። ክሮል አልገባውም። ደግመው ነገሩት፦ አንተን የሚያውቅህ፣ እኛም የምናምነው ሰው መጥቶ፣ ቃሉን ካጠፈ እኔን ጠይቁኝ ይበልልህ። ክሮል ሳቀ።

"እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ። የምን ሰው?"

"እኔ አውቀዋለሁ፣" አለች ሜቭራው ያንስ ከበሯ። "ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። እኔ ግን ለሱ አልቆምም።"

ከጎረምሶቹ አንዱ ፈገግ አለና ካርቶኑን መሬት አደረገ። የክሮል ሳቅ ጠፋ።

"ካልወጣችሁ አንድ ዳክፓን አልነካም። ብርዱ ገና ነው። እናንተ ከሞቃት አገር ናችሁ፣ እናያለን።"

"ታያለህ፣" አልኩት።

ጋሽ ማንደፍሮ ምን እንዳለ ጠየቁ፣ ጋሽ ዘርኣይ ነገሯቸው። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ። አጭር ሰው ናቸው፣ የክሮል ደረት ላይ ነው የሚደርሱት።

"እንግዲያው ቃሌን አንስቻለሁ በለው፣" አሉ። "ዋስ የሌለው ሰው ጋ ቃል የለኝም።"

ጋሽ ዘርኣይ ይህንን ቀስ ብለው ተረጎሙት። ክሮል እጁን ወዝወዝ አድርጎ መኪናው ውስጥ ገባ። ጎረምሶቹ ካርቶናቸውን ሰብስበው ተከተሉት። መኪናው ሞተሩን አስነሳና ሄደ።

ጋሽ ማንደፍሮ ወደኔ ዞሩ። ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

"በዕድሜዬ ቃል አንስቼ አላውቅም። በአንቺ ምክንያት አነሳሁ። ከእንግዲህ በአንቺ ነገር አልገባም፣ ሰምተሻል? ባል ብታገቢ አልመርቅሽም፣ ብትፈቺ አላስታርቅሽም።"

"እሺ ጋሼ።"

"እሺ ትላለች እንዴ! ትሰሚያታለሽ፣ ኣሰገደት?"

"እሰማታለሁ፣ ጋሼ። እኔም አብሬያት ስኖር እንዲሁ ናት።"

"ግቡና ሻይ ጠጡ፣" አልኩ።

"አልጠጣም።"

"ጋሽ ዘርኣይስ?"

"እኔ እጠጣለሁ፣" አሉ ጋሽ ዘርኣይ።

ማካፋት ጀመረ። ኣሰገደት ሻይ ልትጥድ ገባች። ጋሽ ማንደፍሮ አልሄዱም፣ አልገቡምም፤ ደጃፉ ላይ ክራቫታቸው እየረጠበ ቆሙ።

እኔ ላይ ወጣሁ። ሸራውን ከአንድ ጥግ ፈታሁት፣ ወንበሩ ላይ ቆምኩ፣ እጄን በእንጨቶቹ መሃል አሾልኬ አንድ ዳክፓን ሰቀልኩ። ሌላ አነሳሁ።