ጡት እስክትጥል

ትሩፋት የጀመረችውን እንደማትጨርስ የማያውቅ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ካምፕ ጎረቤት አልነበረም። ልብስ ስፌት ተመዝግባ እጅጌ መግጠም ላይ ሲደርሱ ቀረች። ታይፕ ጀመረች፤ ጣቶቿ ፊደሉን መልመድ ሲይዙ ሰለቻት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቀበሌው አስተማሪ አድርጓት፣ ተማሪዎቿ «መ» ላይ ሳይደርሱ ራሴን አመመኝ ብላ ቤቷ ገባች። ባሏ ይልቃል የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ነው፤ ረጋ ያለ ሰው። «አንቺ እኮ ድስት ጥደሽ ገበያ የምትወጪ ሴት ነሽ» ይላት ነበር እየሳቀ።

እሷ ግን ጥፋቱን በአሰብ ታላክካለች። «በዚህ ሙቀት ማን ምን ይጨርሳል?» ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ ጉም የለመደች ሴት ናት። አሰብ ከመጣች ወዲህ መቀመጫ አጥታለች። መስኮት ትከፍታለች፤ አሸዋ ገባ ብላ ትዘጋለች፤ ታፈንኩ ብላ ደግሞ ትከፍታለች። አልጋውን ከክፍል ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ግቢ ስታዞር ትውላለች።

ሰኔ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሞተባት። ከቀብር ሲመለሱ ይልቃልን «ከዚህ አገር አውጣኝ» አለችው። እሱም በማግስቱ ዝውውር ጠየቀ።

ልጁ ቢሄድም ወተቱ አልሄደም። ጡቷ አብጦ ሲያተኩሳት ሆስፒታል ሄደች። ነርሷ ሲስተር እታፈራሁ እያየቻት ሳለ ከጎን ካለው ክፍል የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ቀጭን፣ እየደከመ የሚሄድ ልቅሶ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች ትሩፋት።

«ሴት ናት። እናቷ በወሊድ ሞታለች። አባቷ በመኪና መንገዱ ላይ ካለችው መንደር ከደባይሲማ በኩል በጭነት መኪና ነው ያመጣቸው፤ ረፍዶባቸው ነበር። የቆርቆሮ ወተት ብንሞክር ሆዷ አልያዘም።» ሲስተር እጇን ታጠበችና ወደ ትሩፋት ዞረች። «የምለምንሽ ነገር ከባድ ነው። እምቢ ብትይም አልቀየምሽም።»

ትሩፋት ገባት። «ለዛሬ ብቻ ነው?»

«አልዋሽሽም። ዛሬ የጠባች ነገም ትርባለች። ከጀመርሽ ጀመርሽ ነው።»

ትሩፋት ተነሥታ ወደሚቀጥለው ክፍል ገባች። አንዲት አሮጊት አፋር፣ ሐዋ የሚሏት የሕፃኗ አያት፣ በስኳር ውኃ የራሰ ጨርቅ ለልጅቱ ከንፈር ታስነካለች። አባትየው ሑመድ ሽርጡን ሰብስቦ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል። ሕፃኗ ጡቱን ስትይዝ ትሩፋት ሕመሙ እስከ ጀርባዋ ተሰማት። ከጡቷ ልታነሣት አሰበች። አላነሣቻትም።

ሐዋና ሕፃኗ ዓሻ እነትሩፋት ጓሮ ያለችው ትንሽ ክፍል ገቡ። ሑመድ ወደ ግመሎቹ ተመለሰ፤ ወደ ከተማ የሚወርድ መኪና ሲያገኝ ይመጣል፣ አይቷቸው ይሄዳል። አንዲት ጎረቤት «የክርስቲያን ጡት ለእስላም ልጅ?» አለች፤ ትሩፋት በሩን ዘጋችባት። ጠባይዋ ግን አልተለወጠም። ልጅቱን ታቅፋ እንኳ ግቢውን ስትዞር ነው የምታጠባት።

ጥቅምት ላይ ይልቃል ለምሳ ሲመጣ ከበሩ ጀምሮ ይስቃል። «ዝውውሩ ወጣልን» አላት፤ «አዲስ አበባ። በሳምንቱ መጨረሻ ኮንቮይ አለ፤ መኪናም አግኝቻለሁ።»

ምሳ ሳታቀርብ ዕቃ ማሰር ጀመረች። ድስቱን፣ ፍራሹን፣ ምንጣፉን ጠቀለለች። ዓሻ ስታለቅስ የታሰረው ጥቅልል ላይ ተቀምጣ አጠባቻትና እንደገና ወደ ማሰሩ ሄደች። ሐዋ ክፍሏ ደጃፍ ቆማ ታያታለች፤ በአማርኛ የምታውቀው ሰላምታ ብቻ ነበር።

ሑመድ ወሬው ደርሶት መጣ። ትሩፋት ይለምነኛል ብላ መልሷን አዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን አልለመናትም። «እህቴ፣ ሂጂ» አላት፤ «እስከዛሬ አኖርሽልኝ። ከዚህ በኋላ የአላህ ነው። ወተት ያላት ፍየል አምጥቻለሁ፤ እንሞክራለን።» ትሩፋት ስለ ፍየሏ ወተት ሲስተር እታፈራሁን ስትጠይቃት፣ «ልጅቱ ትንሽ ብትጠነክር ኖሮ ጥሩ ነበር። አሁን እንጃ» ብቻ ነበር መልሷ።

የመሄጃው ቀን በማለዳ አጠባቻትና ለሐዋ ሰጠቻት። ወደ ኋላ ሳታይ የመኪናው ጋቢና ውስጥ ገባች። ኬላው ላይ ግን መኪኖቹ ተሰልፈው ቆሙ፤ አጃቢ ወታደሮች አልደረሱም፣ የይለፍ ወረቀትም ገና እየታየ ነው። ፀሐይ ወጣች። ሾፌሩ ወልደየሱስ ወርዶ ጎማ ሥር ተኛ። ትሩፋት በሩን ከፈተች፤ ዘጋች፤ ወረደች፤ ወጣች። ረፋዱ ላይ፣ ዓሻ በምትጠባበት ሰዓት፣ ወተቱ ሳትጠራው መጣ። ቀሚሷ ደረቱ ላይ ራሰ።

«ይልቃል» አለች፤ «አንተ ሂድ።»

«ምን?»

«እኔ ልመለስ ነው።»

«ይቺ ከተማ ገደለችኝ ስትዪ አልነበር?»

«አሁንም እላለሁ።»

«እና ታዲያ?»

«ስፌቱን ተውኩት፤ ጨርቁ አልሞተም። ይቺ ግን ትሞትብኛለች። ሌላ ማን አላት? እኔ ነኝ ያስለመድኳት።»

ይልቃል ቀርቶ ሥራውን ሊያጣ አይችልም፤ በዚያ ዘመን በተመደቡበት ቀን አለመገኘት ቀልድ አይደለም። ከዚያ ጭነቱ ላይ ወጣና ፍራሹንና አንዱን ድስት አወረደላት። ሲሰናበታት ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። እሷ ወደ ከተማ የሚመለስ የውኃ ቦቴ አግኝታ ተሳፈረች።

የካምፑ ቤት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር አሰብ ሰጊር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከሐዋ ጋር አንዲት የጣውላ ክፍል ተጋሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለማውራት እንጂ ለመኖር ቀላል አልነበረም። ትሩፋት እንደ ቅድስት አልሆነችም። ልጅቱ ስትነክሳት ትሰድባታለች። አንዳንድ ቀን ከባሕሩ ዳር እስከ ጨው ማምረቻው በፀሐይ ስትዞር ትውልና ጡቷ ሲከብዳት ብቻ ትመለሳለች። ሁለት ጊዜ ለመሄድ ከሾፌሮች ጋር ተነጋግራ፣ ሁለት ጊዜ ቀረች። ሐዋ የፍየሏን ወተት መጀመሪያ በጣቷ፣ ቀጥሎ በማንኪያ ታስለምዳለች። የልጅቱ ሆድ ይበላሻል፤ ይተዋሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ።

ዓሻ መቆም ስትጀምር ገንፎ በቅቤ መብላት ያዘች። በሚቀጥለው ክረምት ሐዋ አንድ ቀን እሬት ይዛ መጣችና የትሩፋትን ጡት እያመለከተች አንገቷን ነቀነቀች። ትሩፋት ራሷ ቀባችው። ልጅቱ ቀመሰች፤ ፊቷን አጨፈገገች፤ ቀና ብላ ትሩፋትን አየቻት። ቀኑን ሙሉ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን የፍየል ወተቱን ጽዋ በሁለት እጇ ይዛ ጨለጠችው።

ሑመድ ሊወስዳቸው ሲመጣ፣ «በእኛ ሕግ እናቷ ነሽ» አላት። «የምትወልጃቸው ሁሉ ወንድሞቿ ናቸው። ደባይሲማ ስታልፊ ቤትሽ ነው።» ዓሻ አያቷ ትከሻ ላይ ሆና አንድ ቁራሽ ዳቦ ትበላ ነበር፤ ስትሄድ አላለቀሰችም። ትሩፋት ይህ አስከፋትም፣ ደስም አላት።

በሳምንቱ ትሩፋት የጭነት መኪና አግኝታ ወደ ይልቃል፣ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረች። ጡቷን በነጠላ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ማንዳ የምትባለውን መንደር ሲያልፉ ሕመሙ ስለጠናባት ሾፌሩን አቁምልኝ አለችው። ከመኪናው ጀርባ ዞራ ነጠላውን ፈታችና የቀረውን ወተት ጥቁሩ ድንጋይ ላይ አለበችው። ድንጋዩ ትኩስ ስለነበር ወዲያው ደረቀ። ቀሚሷን ቆለፈች፤ ፊቷን በውኃ አበሰች፤ ተመልሳ ጋቢና ገባች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ሾፌሩ።

«ምንም አልሆንኩም» አለች። «ልጄ ጡት ጥላ ነው።»