የደብረ ነቅዕ የስለት ዛፎች

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልጅ ኃጢአቱን ሲሠራ ፈራ ተባ እያለ፣ ዙሪያ ገባውንም እየቃኘ ነውና የሚያደርሰው ጥፋት ልክና ወሰን አለው፤ በጎ ሥራ ሠራሁ ብሎ ልቡን ሲያሳርፍ ግን የሚጠረጥረው የለም፣ የሚያስቆመውም የለም፣ ስለዚህም በቅን ኅሊናና በንጹሕ እጅ የተፈጸመ ስሕተት ከክፉዎች ክፋት ይልቅ ሥር የሰደደ ሆኖ ይገኛል። ይህን የምለው ምእመናንን ለመዝለፍ አይደለም፤ ምን ቆርጦኝ! የደብረ ነቅዕ ሰዎች ከእኔ ይልቅ ጸሎተኞች፣ ከእኔም ይልቅ ጿሚዎች ነበሩ፤ ምንጫቸውን ያደረቁትም በዚሁ በጽድቃቸው ነው።

ደብረ ነቅዕ ኪዳነ ምሕረት በጥንታዊ ጥድና በወይራ፣ በዝግባና በዋንዛ የተከበበች፣ ከሥሯም ድውዩ የሚጠመቅበትና ጤነኛው የሚጠጣው ሁለት ዐይን ያለው ምንጭ የሚፈልቅላት ደብር ነበረች። ባሕር ዛፍ የሚሉት ባዕድ ተክል ወደ አገሩ በገባ ጊዜ፣ ፈጥኖ ማደጉንና ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ መመዘዙን ያዩ ምእመናን «ለእመቤታችን የሚገባት ይህ ነው» አሉና ልጅ የታመመበትም፣ ልጅ ያጣችውም፣ ሙግት የገጠመውም ሁሉ ባሕር ዛፍ ይሳል ጀመር። ከተሳዮቹ ሁሉ የበረቱት ባላምባራስ ይርዳው ናቸው፤ አንዲት ሕፃን ልጃቸው የውብዳር በፈንጣጣ ተይዛ ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት እህል ውኃ ሳትቀምስ በተኛች ጊዜ መቶ ችግኝ ተሳሉ፤ ልጂቱም ዳነች፣ እሳቸውም ስለታቸውን በምዕራባዊው ዐይነ ምንጭ ዙሪያ በገዛ እጃቸው ተከሉ። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ዘዮሐንስም «ለታቦት በተሰጠ ዛፍ ላይ ምሳር ያሳረፈ ከክርስቲያን ኅብረት የተለየ ይሁን» ብለው ገዘቱ። ሕዝቡም አሜን ብሎ ወደየቤቱ ገባ።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላ የስለት ዛፎቹ ከጉልላቱ በላይ ሆኑ፤ የምዕራቡ ዐይነ ምንጭ ነጠፈ፣ በምሥራቅ በዋንዛው ሥር ያለው ደግሞ ይሳሳ ጀመር፤ ሴቶችም እንስራ አዝለው የሁለት ሰዓት ቁልቁለት እስከ ቆላው ወንዝ ይወርዱ ጀመር፣ ከእነዚያም አንዷ የውብዳር ነበረች። ካህናቱ የኃጢአታችን ብዛት ነው ብለው ምሕላ ያዙ። በመቃብር ቤት የሚኖሩት እማሆይ አጸደ ማርያም፣ ቃላቸው ጥቂት ዐይናቸው ብዙ የሆነ መነኩሲት፣ ምሕላውን አብረው እያደረሱ ሌላ ነገር አሰቡ። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ተራ እየገባ እንጀራና ጠላ በሚያቀርብበት በሰንበቴው ቤት ቆመው፣ የዕለቱ ተረኛ አስቀድሞ ወደ ሁለቱ ዐይነ ምንጮች ወርዶ ረጅም መቃ እንዲያጠልቅ፣ የረጠበውንም ልክ በጉባኤው ፊት እንዲያሳይ ለመኑ። «እማሆይ ደግሞ ምንጩን ንስሐ ሊያስገቡት ነው!» ብለው የሣቁባቸው አልጠፉም፤ ሆኖም እንደ ለመኑት ተደረገ። ነገር ግን ሰው ከሌላ አፍ የሰማውን ይክዳል፤ በገዛ እጁ የለካውን ወዴት ያደርሰዋል? በሰባተኛው እሑድ የምዕራቡ መቃ አቧራ ይዞ ወጣ፣ የምሥራቁ ከስንዝር አልዘለለም፣ ተረኛውም ለጠላ የሚሆን ውኃ በማጣቱ ደረቅ እንጀራ ብቻ አቀረበ።

በዚያ ዕለት እማሆይ ለአለቃ እጅ ነሥተው «አባቴ፣ ዋንዛው ባለበት ውኃ አለ፣ ባሕር ዛፉ ባለበት ውኃ የለም፤ ይህን ሁላችን በየተራችን አየነው። ስለቱ ይለወጥ፤ በአንዱ ባሕር ዛፍ ፈንታ ሦስት ወይራና ዋንዛ እንትከል፣ እያንዳንዱም ቤት የተከለውን እስኪጸድቅ ይጠብቅ። ግዝቱን የሚፈታ ግን ያሰረው ነው» አሉ። አለቃ ላባቸውን ጠረጉ፤ የገዘቱትን በአደባባይ መፍታት ተሳስቼ ነበር ማለት ነውና፣ ለአንድ አለቃ ይህ ካባውን አውልቆ ከመሄድ አይተናነስም። ሆኖም «ሳላውቅ አስሬያለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታችሁ፣ እኔንም ይፍታኝ» አሉ። ያን ጊዜ ባላምባራስ ይርዳው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «እናንተስ ዛፍ ትቆርጣላችሁ፤ እኔን ግን ልጄን ነው የምትቆርጡብኝ! ነፍሷ የተረፈችበት ስለት ነው፤ እመቤቴ በልጄ ብትመጣብኝ ምን እመልሳለሁ?» ብለው አለቀሱ። ያ ኩሩ ሰው ሲያለቅስ ያየ አልነበረምና ጉባኤው አንገቱን ደፋ። እማሆይ ብቻ «ባላምባራስ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ከእርስዎ ዛፍ አንዲት ቅርንጫፍ አትነካም» አሉና ሰዉን አሰናበቱ።

ሌሎቹ የየራሳቸውን ስለት ለወጡ፤ የባላምባራስ መቶ ዛፎች ግን የነጠፈውን ምንጭ እንደ ከበቡ ቆሙ፣ ውኃውን የሚጠጡት ዋነኞቹም እነርሱ ነበሩ። ደጃቸው ሄዶ የጨቀጨቃቸው አንድም አልነበረም፤ እማሆይ ከልክለዋል። በሰኔ የመጀመሪያው ካፊያ በወረደ ዕለት የውብዳር እንስራዋን አዝላ ዳገቱን ስትወጣ አዳጣትና ገደል አፋፍ ላይ ወደቀች፣ ግራ ክንዷም ተሰበረ፤ ባላምባራስ ሮጠው ደርሰው አቅፈው አነሷት። ከሳምንት በኋላ፣ ወጌሻ ያሰረውን ክንዷን በነጠላ አንግታ፣ በደኅናው እጇ ምሳር ይዛ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ ከዛፎቹ ሥር ቆመች።

«አባቴ፣ በስለቱ የዳንሁት እኔ ነኝ፤ በውኃው መንገድ የምቀረውም እኔ ነኝ። ስለ እኔ የተተከለውን እኔ ልጣለው» አለች።

ባላምባራስ ጋቢያቸውን ጥለው፣ ምሳሩን ከእጇ ተቀብለው፣ ፊታቸውንም ወደ ቤተ መቅደሱ መልሰው «እመቤቴ፣ የተሳልሁት እኔ፣ የምቆርጠውም እኔ ነኝ፤ ቁጣሽ የሚመጣ ከሆነ በእኔ ይምጣ፣ እሷን እለፊያት» አሉና የመጀመሪያውን ግንድ መቱ። ከዚያ ወዲያ አለቃ ዘዮሐንስ ሳይቀሩ ምሳር አነሡ። የውብዳር አልሞተችም፣ ክንዷም ጠና፤ ምንጩ ግን ሰው እንደሚመኘው ቶሎ አልተመለሰም፣ ባላምባራስም ሲመለስ ለማየት አልበቁም። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ልጃቸው ባሳላት ቁጥር ፊታቸው ይገረጣ ነበር፤ ሆኖም በየበጋው ከቆላው ወንዝ ውኃ በትከሻቸው እየተሸከሙ በመቶው ባሕር ዛፍ ፈንታ የተከሏቸውን ሦስት መቶ ችግኞች ከማጠጣት አንድ ቀን አልቦዘኑም። ለአምላክ መስጠትስ ብዙዎች ይችሉታል፤ የሰጡትን በገዛ እጅ ጥሎ፣ እየተንቀጠቀጡ ምሕረቱን መጠበቅ ግን ከመስጠት ሁሉ የከበደ እምነት ነው።