የእርሳስ ክብ

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው በተቃራኒ ቆሞ ይሞግታል፣ የተረታ ዕቃ ያጥባል። ባልየው የታሪክ መምህር፣ ሚስትየው የመጻሕፍት አራሚ ነበሩና ክርክር ጠፍቶ አያውቅም፤ ዕቃም ሳይታጠብ አያድርም። እሱ ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ስለሚኖሩባት ከተማ የጻፈው የመጨረሻው መጽሐፉ ሰኞ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው፤ እሷን የሚሟገታት ሰው ግን የለም።

ስለዚህ ኮምፒዩተሯ ላይ ያለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ጠየቀችው። አራተኛው ምዕራፍ፣ የቧንቧ ውኃ ወደ ከተማዋ የገባው ሴቶች ባዶ ባልዲ ይዘው ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ስለተቀመጡ ነው ይላል። ረዳቱ እውነት ነው አለ፤ ሦስት ምንጭም ጠቀሰ። እሷ ደግሞ ምንጭ ሳትከፍት ማመን አልለመደባትም። ከፍታ ስታያቸው ሁለቱ ሦስተኛውን ይጠቅሳሉ። ሦስተኛው ባሏ ከሃያ ዓመት በፊት ጋዜጣ ላይ ያወጣው ጽሑፍ ነው። የገደል ማሚቶ። ማሚቶው የእሱ ድምፅ ነበርና ገጹን ቶሎ አልዘጋችውም።

ከዚያ ተቃራኒውን ወገን ይዞ እንዲሞግታት አዘዘችው። ረዳቱ የውኃ መሥሪያ ቤቱን የቆየ ዘገባ ጠቆማት፤ ገጹን ግን ሊያሳያት አልቻለም። በማግስቱ ቤተ መዛግብት ሄዳ፣ አቧራውን አራግፋ በዓይኗ አየችው። ቧንቧው የተዘረጋው ሴቶቹ ከመምጣታቸው ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። እነሱ የጠየቁት የተቋረጠው ውኃ እንዲለቀቅላቸው ነበር።

መጽሐፉን ለማሳተም ሲሮጥ የከረመው የባሏ ታናሽ ወንድም ይህን ስትነግረው ፊቱ ጠቆረ። ሙት መልስ እንደማይሰጥ፣ አንባቢም ከሁሉ የሚወደው ይህንኑ ገጽ እንደሚሆን ነገራት።

«እትዬ፣ በቁሙ ያልረታሽውን ከሞተ በኋላ ልትረቺው ነው?»

«በቁሙም እረታው ነበር» አለች። «ዕቃ ማጠብ ማን ያስተማረው ይመስልሃል?»

ሳቁ አመለጠው፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም። የወንድሜን ስም አደራ ብሎ ወጣ።

አደራው ከበዳትና በእጅ የተጻፈውን ረቂቅ ከሣጥን አወጣች። ከቀብሩ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር የገለበጠችው ራሷ ናት። ባሏ ካላረጋገጠው ነገር ጎን በእርሳስ ትንሽ ክብ ያደርግ ነበር፤ አጣሪልኝ ማለቱ ነው። ያኔ ከእንግዲህ ማን ይጠይቀኛል ብላ ክቦቹን ሁሉ ዘልላቸው ነበር። አሁን አራተኛውን ምዕራፍ ገለጠች። ከሴቶቹ ጎን ክቡ አለ።

አልዋሸም። እሷን እየጠበቀ ነበር።

አንቀጹን አስተካከለች። ሴቶቹን ከደጃፉ አላስነሣቻቸውም፤ የመጡበትን ጉዳይ ብቻ አረመች። የገጹን ፎቶ ከነክቡ ለወንድምየው ላከችለት፤ የቀሩት ክቦች ዐሥራ አንድ ስለሆኑ ማተሚያ ቤቱ አንድ ወር እንዲታገሥ ንገርልኝም አለችው። ብዙ ቆይቶ «እሺ እትዬ» የሚል መልስ መጣ።

ረዳቱ ሌላ የሚሞግታት ነገር እንዳለ ጠየቃት። ነገ ብላ ዘጋችው።

ረትታለች፤ በሕጉ መሠረት ዛሬ ዕቃ ማጠቡ የእሷ ተራ አይደለም። ማጠቢያው ውስጥ አንድ ኩባያና አንድ ማንኪያ አሉ። ጥቂት ተቀምጣ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ አጠበቻቸው።