ሦስት ቦታ የገባችው ተሻለች

ቢሊሴ ከወንበሯ ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሣች። «ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም እንዴ?» አለች ለብቻዋ። ስክሪኑ ላይ «ተሻለች» የሚለው ስም እንደገና ብቅ ብሏል፤ ያውም በሦስት ቦታ። ከሁሩሙ ወረዳ ገብታለች፣ ከዳሪሙ ወረዳ ገብታለች፣ እዚሁ መቱም ገብታለች። በእግሯ ነው በክንፍ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡና ገበሬዎቹ ዩኒየን ያለው ሰርቨር አንድ ነው፤ እሱም መቱ፣ ፎቁ ላይ፣ ቢሊሴ ክፍል ውስጥ ሲያጓራ ይውላል። የየወረዳው ሠራተኛ ከያለበት በራሱ ስምና ፓስዎርድ እዚያው ማሽን ላይ ገብቶ ይሠራል። ማን እንደገባ ማየት፣ ከፍቶ የጠፋውን ማስወጣት፣ የማይታመነውን መቆለፍ የቢሊሴ እንጀራ ነው። ታዲያ ሠራተኛውን በስም እንጂ በመልክ ብዙም አታውቀውም። የሁሩሙዋን ተሻለችንም ድምጿን በስልክ ሰምታ እንደሆነ እንጂ አይታት አታውቅም።

ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ኦላና ወሬው ሲደርሳቸው ጠረጴዛ ደበደቡ። «በአንድ ስም ሦስት ቦታ? ሌባ ናት! ዛሬውኑ ያዢልኝ።»

ቢሊሴ አስወጣቻት፤ ከሦስቱም ቦታ። ገና ሻይዋን ፉት ሳትል ተሻለች ተመልሳ ገባች። አስወጣቻት፤ ገባች። «ኧረ በሕግ!» ብላ ወደ ተሻለች ስልክ ደወለች፤ ዝግ ነው። ይሄኔ ደሟ ፈላ። ስሙን ጭራሽ ቆለፈችውና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። የመቱውን ለማየት ምድር ቤቱ አዳራሽ ጎራ ማለት ይበቃት ነበር። ግን የተናደደ ሰው መች የቅርቡን ያያል? ተሻለች የሁሩሙ ሠራተኛ ናት፣ ሌባውም እዚያው ነው ብላ ደምድማለች።

ሚኒባሱ አልሞላ አለ። ረዳቱ «ሁሩሙ፣ አንድ ሰው!» ይላል፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወርዳል። ቢሊሴ ጉልበቷ አላርፍ ብሎ አጠገቧ የተቀመጡትን ሰውዬ እስኪያሳቅቃቸው ድረስ ይንቀጠቀጣል። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች።

ሁሩሙ ቢሮ ስትገባ መዝገብ ቤት የሚሠሩት እትዬ ዘውደነሽ ተሻለች ወንበር ላይ ተሰይመው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው ኪቦርዱን ይደበድባሉ።

«ኮቱ፣ ነይ እስቲ እዪልኝ፤ እምቢ አለኝ እኮ!» አሉ፤ የሚረዳቸው ሰው የመጣ መስሏቸው።

«እትዬ፣ እርስዎ ተሻለች ነዎት?»

«እኔማ ዘውደነሽ ነኝ» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ። «ተሻለች ኩላሊቷን ታማ መቱ ሆስፒታል ተኝታለች። ፈቃዷ አለቀ። ስሟ ማሽኑ ላይ ካልታየ ደግሞ ሥራ ለቃለች ተብሎ ቦታዋ ለሌላ ሊሰጥ ነው። እና ደቦ ወጣንላታ! የታመመ ሰው ቡና ዛፉ ላይ ይቀራል እንዴ? ጎረቤት ይለቅምለት የለ? ፓስዎርዷን መሳቢያዋ ውስጥ ተጽፎ አገኘሁና፣ እኔ ከዚህ፣ አብደታ ከዳሪሙ ቢሮ ሆነን ሥራዋን እየሠራንላት ነው።»

«ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ?»

«ደቦ እኮ ባንድ ላይ ነው የሚወጣው፣ ልጄ!»

ቢሊሴ ሳቋ መጣ፤ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋት። ወዲያው ደግሞ ከፋት። «ምናለ ብትነግሩኝ? ተራ በተራ ግቡ እላችሁ ነበር እኮ!»

«አንቺማ የዋናው ቢሮ ሰው ነሽ። ፈራንሽ።»

ይሄ ሆዷ ገባ። ቢሆንም አንድ ነገር ቀርቷታል። «መቱ ያለውስ ማነው?»

«መቱ? መቱስ ማንም የለንም» አሉ እትዬ ዘውደነሽ፤ ግራ ገብቷቸው ተሻለችን ወደምታስታምመው እህቷ ስልክ ደወሉ። ያነሣችው ራሷ ተሻለች ናት። ቢሊሴ ስልኩን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ዛሬ ከሆስፒታል ወጣሁ» አለች ተሻለች በሰለለ ድምፅ። «ስሜ ይታይልኝ ብዬ በቀጥታ ዋናው ቢሮ ሄድኩ። ምድር ቤት ካለው ኮምፒውተር ገባሁ፣ አስወጣኝ። ደግሜ ገባሁ፣ አስወጣኝ። ኋላ ጭራሽ ተቆለፈ። መባረሬ ገባኝ፤ ሰው ፊት እንዳላለቅስ ወጣሁ። ወደ ጎሬ በሚሄድ መኪና ውስጥ ነኝ፣ እናቴ ጋ እየሄድኩ።»

«ቢሊሴ ነኝ፣ ከሰርቨሩ ክፍል። ማንም አላባረረሽም። ያስወጣሁሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ መሆንሽን አላወቅኩም። ማሎ፣ እባክሽ፣ ውረጂና ተመለሽ!»



«አሁን እኮ ለጋሼ ኦላና ደወልኩላቸው። ከምታባርሩኝ እኔው ልልቀቅ አልኳቸው። ሳትዋረጂ መሄድሽ ጥሩ ነው ብለው ተቀበሉኝ።» አለች ተሻለች። «ቢሊሴ፣ ምን አድርጌ ነው የምዋረደው?»



በስልኩ የተባለውን ያልሰሙት እትዬ ዘውደነሽ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ ሳብ አድርገው ቢሊሴን «በይ ሰላም በያትና ቶሎ ክፈቺልኝ፤ የዛሬው ሥራዋ እንዳያልፍባት» አሏት።