የቀትር ናሙና

ዲና እንዲደርቅ በካውያ ተጭና ያወጣችውን ጭብጥ የማትሞላ ክር ይዛ ወደ በሩ ወጣችና ከደንበኛው ናሙና አጠገብ አድርጋ አየችው። ናሙናው ጥርት ያለ የወይን ጠጅ ቀለም ነው። የእሷ ክር ግን ፈዘዝ፣ ቀላ ብሎ፣ ከናሙናው ጋር ትውውቅ እንኳ ያለው አይመስልም። ይሄ እንግዲህ ሦስተኛው መሆኑ ነው።

የወይዘሮ አስካለማርያም ማቅለሚያ ቤት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ ሹራብ ፋብሪካ ክር ያቀልማል። ፋብሪካው ለተማሪዎች ሹራብ የሚሆን የወይን ጠጅ ክር ካዘዘ ወዲህ ዲና ያረመቻቸው ሁለት ዙሮች "ወደ ሰማያዊ ያደላል" ተብለው ተመልሰዋል። ወይዘሮ አስካለማርያም ነገር የሚያለባብሱ ሴት አይደሉም። ይሄኛው ዙር ከተመለሰ ቀለም የሚያይ ሰው ከአዲስ አበባ እንደሚያስመጡ ጠዋት ፊት ለፊት ነግረዋታል። ዲናን ያንገበገባት ሥራው ብቻ አይደለም። እናቷ ለቀሚስ ጥለት ክር ስትፈልግ፣ ናሙና እንኳ ሳትይዝ ቀፊራ ገበያ ወርዳ ቁርጥ እሱኑ ገዝታ የምትመለስ ልጅ ነበረች። የምትመካው በዓይኗ ነው። ዓይኗ ከከዳት ምን ቀራት?

ሰማያዊ ትንሽ እንዲጨመርበት ለሮብሌ ነገረችው። ሮብሌ የማቅለሚያው ገንዳ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት የቆየ ሰው ነው። ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሊሆን ነው። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ሱቋንም ቢሮዋንም ዘግታ እስከ ዘጠኝ ትተኛለች፤ ማቅለሚያ ቤቱም እንደዚያው። ዲና ግን ትጉህ ነኝ ብላ፣ ያለፉትን ሁለቱን ዙሮች ሮብሌን ለምና አስቀርታ በዚሁ በእረፍት ሰዓት ነበር ያረመቻቸው።

"አቦ ዲና፣ ዛሬስ ወላሂ አልቀርም" አላት። "ከአንቺ በፊት የነበረው ጋሽ ኃይለየሱስ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በቀትር ቀለም አይቶ አያውቅም። ይተኛል፣ ይነሳል፣ ከዚያ ያያል።"

ለመነችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንፋሎቱን ዘጋ፣ የቀለሙን ቁምሳጥን ቆለፈ፣ ቁልፉን ሽርጡ ውስጥ ጠቅልሎ ሄደ። የጋሽ ኃይለየሱስ እንቅልፍ የቤቱ ሁሉ መሳቂያ እንደነበር ዲናም ሰምታለች። ለካ ስንፍናም ይወረሳል ብላ በሆዷ ሮብሌን አብጠልጥላ ሰደበችው። ከዚያ እልኋን ይዛ መጋዘኑ ውስጥ የክር ጆንያ ላይ ጋደም አለች። ላትተኛ ለራሷ ምላ ነበር፤ ተኛች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃች። ጠረጴዛው ላይ የተወችውን ክር አንስታ፣ ክፉውን ለማየት እየተዘጋጀች በሩ ላይ ወጣች። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ሆነዋል። የደንበኛውን ናሙና ሁለት ቦታ ቆርጣ የያዘች መሰላትና የፋብሪካው ወረቀት የተለጠፈበት የትኛው እንደሆነ አየች። አልተሳሳተችም። ክሩ በእጇ ላይ ቀዝቀዝ ብሏታል። ያኔ አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ሮጣ ገባችና ካውያውን አግላ ተጫነችው። ክሩ ቀላ። በደብተሯ እያራገበች ጠበቀች፤ ቀስ በቀስ ወደ ወይን ጠጁ ተመለሰ።

ሮብሌ ሲመጣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ያለፉት ሁለት ዙሮችም ልክ ነበሩ ማለት ነው። ክሩ ከካውያው እንደወጣ በትኩሱ እያየች፣ ቀልቷል ብላ ሰማያዊ የጨመረችባቸውና ያበላሸቻቸው እሷው ራሷ ናት። ማፈር ነበረባት፤ ደግሞም አፍራለች። ግን ከኀፍረቱ በላይ እፎይታው በረታባትና እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ዓይኗ አልከዳትም።

ወይዘሮ አስካለማርያም ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረሱ። ሰላምታም ሳይሰጡ ክሩንና ናሙናውን ተቀብለው ፀሐይ ላይ ወጡ፤ አገላብጠው አዩ፤ ደግመው አዩ።

"ምን ጨመርሽበት?" አሏት።

የሆነ ነገር ብላ ሙያዋን ማሳመር ትችል ነበር።

"ምንም አልጨመርኩበትም፣ እትዬ። ሁለቱን ዙሮች ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሳይበርዱ አይቼ ሰማያዊ ጨመርኩባቸው። ዓይኔ ግን ደህና ነው።"

ሮብሌ ገንዳው ላይ አጎንብሶ ሥራ የበዛበት መስሏል። ወይዘሮ አስካለማርያም ክሯን ከወደ ጫፏ ቆርጠው፣ ለፋብሪካው የሚላከው ካርድ ላይ ሰፍተው አያያዙ። ከዚያ እስክሪብቶ ከቦርሳቸው አወጡ። እስከ ዛሬ በዚያ ካርድ ላይ የሚፈርሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"እንኪ፣ አንቺ ፈርሚበት" አሏት።

ዲና ስሟን እስከ አያቷ ድረስ ጻፈች።